ሦስት ርዕዮተ ዓለሞችና አንድ በሬ

ይህን ታሪክ መጻፍ ይገባ እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ማንም አልሞተበትም፤ ማንም አልታሰረበትም። የወሎን ረሃብ ያየ ሰው ስለ አንዲት ቁራሽ መሬትና ስለ አንድ በሬ ሲወራለት ትዕግሥት ቢያጣ አይፈረድበትም። ከዚያ የሚበልጥ ብዙ የሚጻፍ ነገር እንዳለም አውቃለሁ።

ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። በቅርቡ መምህራችን በፋሽዝም፣ በኮሚኒዝምና በሶሻሊዝም መካከል ያለውን ልዩነት እንድናብራራ ጠይቀውን ነበር። እኔም መጽሐፉ እንደሚለው አብራርቼ ጥሩ ውጤት አገኘሁ። ነገር ግን መልሱን ስጽፍ በዐይኔ ይመላለስ የነበረው የመጽሐፉ ገጽ አልነበረም። መካነ ሰላም አጠገብ ያለ አንድ ጥድ፣ ጥዱን የተደገፈ ጥቁር ሰሌዳ፣ ከሰሌዳው ፊት የተቀመጡ ገበሬዎች ነበሩ። ስለዚህ ያየሁትን በቅደም ተከተሉ ለማስቀመጥ ሞክሬአለሁ።

ወደ መካነ ሰላም የሄድነው በ1967 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ደሴ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አዲሱ መንግሥት የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎችንና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በሙሉ ገበሬውን እንዲያስተምሩ ወደ ገጠር ሲያዘምት እኔም ደረሰኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሴት ልጅ በጭነት መኪና ላይ ስትወጣና ስትወርድ ቀሚስ አይመችም ብሎ ከወፍራም ካኪ ሱሪ ሰፋልኝ። እናቴ ሱሪውን አገላብጣ አየችና ኪሱ ጥልቅ መሆኑን ብቻ ጠየቀች። ከእርዳታ እህል ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ መንገዱ በተበላሸ ቁጥር እየወረድን እየገፋን መካነ ሰላም ገባን። ያሳደሩን በከተማው ትምህርት ቤት ነበር። ጠረጴዛዎቹን ገጥመን አልጋ አደረግናቸው።

የተመደብንበት ቀበሌ ከከተማው ወጥቶ፣ የገደሉን አፋፍ ተከትሎ ተሂዶ ይደረሳል። ረሃቡ አልፏል ይባል ነበር። ሰዉም እንደዚያ ይል ነበር። ነገር ግን በመንገዳችን ላይ በራቸው በእሾህ የተዘጋ ቤቶች ነበሩ። ባለቤቶቹ የት እንዳሉ ስንጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ወረዱ» ይሉናል። ወዴት እንደወረዱ የሚጨምር አልነበረም፤ እኛም መጠየቁን ተውነው።

ከሰው ቀጥሎ ያለቀው በሬ ነው። ግማሹ በሜዳ ቀርቷል፤ ግማሹ አጅባር ገበያ ድረስ ተነድቶ በማይረባ ዋጋ ተሸጧል። የቀረው ገበሬ አብዛኛው አንድ በሬ ብቻ ነበረው። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ስለዚህ ባለ አንድ በሬዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይቀናጃሉ። አንዱ በሬውን ያመጣል፣ ሌላውም ያመጣል፤ ሁለቱ በሬዎች በአንድ ቀንበር ተጠምደው አንድ ቀን የአንዱን፣ አንድ ቀን የሌላውን መሬት ያርሳሉ። ይህን መቀናጆ ይሉታል። እኛ በመጀመሪያው ሳምንት ስለ መቀናጆ ሰምተን ነበር፤ ከትምህርታችን ጋር የሚገናኝ ነገር አልመሰለንም።

የቡድን መሪያችን ከአዲስ አበባ የመጣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። የመሬት አዋጁ በሬዲዮ ከተነገረ በኋላ ገበሬው ከመደራጀቱ በፊት ርዕዮተ ዓለሞችን ማወቅ አለበት አለ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው ተብሎ ሰሌዳውን የማዘጋጀት ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ደስ ብሎኝ ነበር። ሰሌዳውን በበቅሎ አስጭነን ወሰድነውና ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው ጥድ ጋር አስደገፍነው። እዚያ ጥድ ሥር የሚሰበሰበው ቅሬው ነበር። ቅሬ በወሎ ክርስቲያኑም እስላሙም ተያይዞ ሬሳ የሚያነሣበት፣ የተጣላ የሚያስታርቅበት ማኅበር ነው። ሰሌዳውን በሦስት ከፈልኩት። ከላይ ፋሽዝም፣ ኮሚኒዝም፣ ሶሻሊዝም ብዬ፣ ከሥር የየራሳቸውን ትርጉም በአጭሩ ጻፍኩ። ሰዉ ማንበብ ስለማይችል ጽሑፉ ለማን እንደነበር አሁን ሳስበው ግልጽ አይደለም። ለእኛ ለራሳችን ሳይሆን አይቀርም።

የቡድን መሪያችን «ፋሽዝም ማለት» ብሎ ሲጀምር የቅሬው ዳኛ ዘንጋቸውን ከመሬት አነሡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ነጭ ጋቢ ለብሰው ሁልጊዜ ከግንዱ ሥር ይቀመጣሉ።

«ልጄ፣ ይህችን እለፋት። ፋሽስትን እኛ እንንገርህ።»

«ይንገሩን፣ አባባ።»

«ጣሊያን ነው። መንገድ አሠራን፤ ድንጋይ አሸከመን፤ ዱቄት ሰጠን። ኋላ የአባቴን በሬ ነድቶ ለወታደሩ አረደው።»

«ዱቄቱ እንዴት ነበር?» አለ አንዱ ከኋላ።

ሰዉ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። «ወላሂ ጥሩ ነበር። ነጭ ነበር» አሉ። ክርስቲያን ናቸው፤ በዚያ አገር ግን ሁሉም እንዲህ ይምላል።

የቡድን መሪያችን ፋሽዝምን በዚሁ ዘግቶ ወደ ኮሚኒዝም አለፈ። በኮሚኒዝም ሀብት የሁሉም ነው፤ ሰው እንደ ችሎታው ይሠራል፣ እንደ ፍላጎቱ ይወስዳል አለ።

«ከየት ነው የሚወስደው?» አሉት።

«ከጋራው።»

«እንደ እርዳታው እህል?»

«አይደለም። ያ ምጽዋት ነው። ይህ መብት ነው።»

«እርዳታውም ሲመጣ መብት ነው ብለውን ነበር። ቀድሞ የሚወስደው ግን ዘበኛው ነው።»

የቡድን መሪያችን ይህም እንደሚስተካከል ነግሯቸው ወደ ሶሻሊዝም ሄደ። በሬዲዮ ኅብረተሰብአዊነት የሚባለው ይኸው ነው፤ አገራችን የመረጠችው መንገድ ነው፤ በዚህ ሥርዓት ሰው የሚያገኘው እንደ ሥራው ነው፤ የሠራ ይበላል፣ ያልሠራ አይበላም አለ።

ከፊት ረድፍ ተቀምጦ የነበረ አንድ ሰው እጁን አነሣ። ወደ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ከሲታ፣ ልጆቹ የበዙ እስላም ገበሬ ነው። «እስቲ ይህችን ድገማት» አለ።

ተደገመችለት። ራሱን ነቀነቀ። የቡድን መሪያችን በመንገድ ስንመለስ «የገባው እሱ ነው» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ።

የሆነው ነገር ግልጽ የሆነልን በግንቦት ነው። የገበሬዎች ማኅበር ተቋቁሞ ሊቀመንበር ተመርጦ ነበር። ሊቀመንበሩ በልጅነቱ ድቁና የተማረ፣ ማንበብ የሚችል፣ ፈጣን ሰው ነው። መሬት ሊደለደል ስለሆነ እያንዳንዱ የያዘውን በጥማድ ያስመዘግብ ነበር። ጥማድ ማለት ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። ተራው ከጅረቱ በታች ካለው ዋልካ፣ ጥቁር ጭቃማ መሬት፣ ሲደርስ፣ ያ «ድገማት» ያለው ገበሬ ተነሥቶ መሬቱ በእሱ ስም እንዲጻፍ ጠየቀ።

መሬቱ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበር። ባሏ በረሃቡ ዓመት መካነ ሰላም እርዳታ ሲጠብቅ ታሞ ነው የሞተው። ሁለት ሴት ልጆች አሏት። አንድ በሬም አላት። ያ በሬ በቀበሌው የታወቀ ነው፤ በድርቁ ጊዜ ሣር ሲጠፋ የቤቷን ክዳን እየመዘዘች አብልታ ነው ያዳነችው። እኛ ስናያት የጣሪያዋ ግማሽ ገና አልተከደነም ነበር። «ቤቴን በሬው በላው» ትላለች ለጠየቃት፤ ከዚያ በላይ አትናገርም።

ሴት በዚያ አገር እርፍ አትይዝም። ስለዚህ ከዚህ ገበሬ ጋር ተቀናጅተው ነበር። የእሱና የእሷ በሬ ይጠመዳሉ፤ የእሱን መሬት ያርስበታል፤ የእሷንም ያርሳል፤ ከእሷ መሬት የሚገኘውን እኩል ይካፈላሉ። ሁለት ዘመን እንዲህ ኖረዋል። ጠብ ሰምቶባቸው የሚያውቅ ሰው የለም።

«አዋጁ መሬት ለአራሹ ነው ይላል» አለ ገበሬው። «እነዚህ ልጆችም ሰው እንደ ሥራው ያገኛል ብለውናል። ያረስኩት እኔ ነኝ። እትዬ እርፍ ይዛ ያየ ሰው ካለ ይመስክር።»

ሊቀመንበሩ ወደ ሴትየዋ ዞረ። «መልስ አለሽ?»

ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ነጠላዋን በትከሻዋ ላይ እያስተካከለች ወደ ሰሌዳው አየች። ሰሌዳው የሚያድረው በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ስለነበር ጽሑፉ ከዚያ ትምህርት ጀምሮ አልተደመሰሰም ነበር።

«በሬዬስ? በሬዬ የእሱን አላረሰም?»

«በሬ ሰው አይደለም» አለ ሊቀመንበሩ።

«እሺ። እንግዲህ ከሦስቱ እንደ ፍላጎቱ የሚለው ለእኔ ይሻለኛል። እሱ ይሁንልኝ።»

ሰዉ ሳቀ። የቡድን መሪያችን ተነሥቶ በጨዋነት አስረዳት። ኮሚኒዝም ከሶሻሊዝም በኋላ የሚመጣ ነው፤ ዝም ብሎ አይመረጥም፤ ምርት ሲበዛ፣ የሰው አስተሳሰብ ሲለወጥ ነው አላት።

«መቼ?»

«ጊዜ ይወስዳል፣ እናቴ።»

«እስከ ሰኔ ይደርሳል?»

በዚህ ጊዜ ሳቁ ቶሎ አልቆመም። እሷ ግን የጠየቀችው እርሻው በሰኔ ስለሆነ ነበር። የቡድን መሪያችን ወረቀቶቹን ማገላበጥ ጀመረ። ኋላ እንደነገረኝ አዋጁ ባል ለሞተባቸው ሴቶች የተለየ አንቀጽ እንዳለው ትዝ ይለው ነበር፤ አንቀጹን ግን በእጃችን አልያዝነውም። እንዲላክልን ደሴ ጠይቀን ነበር፤ እስከ መጨረሻው አልመጣም። ሊቀመንበሩ ጉዳዩ ለሌላ ስብሰባ ይደር አለ።

በማግስቱ ሴትየዋ በሬዋን ከገበሬው ጋጣ ፈትታ ወሰደች። ለማንም አልጮኸችም። ገበሬው ከገበያ ሲመለስ የእሱን በሬ ብቻውን ቆሞ አገኘው። ወደ ቤቷ ሄደ፤ እሷም በሬውን ከደጇ ካለው ግንድ አስራ አጠገቡ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። ምን እንደተባባሉ የሰማሁት ከጎረቤቷ ነው።

«እትዬ፣ በሬው ለምን መጣ?»

«ቤቱ ነው።»

«ዝናብ ሊገባ ነው እኮ።»

«ለአራሹ ይገባለታል። በል እረስ።»

ገበሬው ሌላ ባለ አንድ በሬ ፈለገ። አልተገኘም። ሁሉም በየጥንዱ ተቀናጅቷል፤ በዚያ ወቅት ጥንዱን የሚያፈርስ የለም። የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ወረደ። በገደሉ አፋፍ ስንሄድ ጠዋት ጠዋት የገበሬዎቹ ጅራፍ ሲጮህ እንሰማለን። ሁለት መሬቶች ብቻ ሳይነኩ ቀሩ፤ የእሱ ተዳፋትና የእሷ ዋልካ። ዋልካ ውሃ ከጠገበ በኋላ አይታረስም፤ ጊዜው ካለፈ አለፈ ነው። ያን ዓመት ሳይዘራ የቀረ ሰው ደግሞ ምን እንደሚጠብቀው የሚያስረዳው አያስፈልገውም ነበር።

የቡድን መሪያችን ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ተደሰተ። የሥራ ማቆም አድማ ነው አለ። ቀን ሲጨምር ግን አድማ ማለቱን ተወ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሱና እኔ ወደ ቤቷ ሄድን። ያሰበው ይህ ነበር፤ እሷ ራሷ በምስክሮች ፊት እርፍ ብትይዝ፣ አንድ ትልም ብቻ ብታወጣ፣ አራሽ አይደለችም የሚላት አይኖርም። በሌላ አገር ሴቶች ትራክተር እንደሚነዱም ነገራት። እሷ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ሱሪዬን አየች።

«አንቺ ልጅ፣ ሱሪ የለበስሽው። አንቺ እርፍ ትይዣለሽ?»

«መሞከር እችላለሁ» አልኳት። ደስ ይላት መስሎኝ ነበር።

«አያቶቻችን ሴት እርፍ የያዘች እንደሆነ ሰማዩ ይዘጋል ይላሉ። እውነት ይሁን ውሸት እኔ አላውቅም። ግን እኔ ይዤ ዝናቡ ቢቀር ይህ ሁሉ ሰው የሚያየው ማንን ነው? አንቺማ ደሴ ትገቢያለሽ።»

የቡድን መሪያችን ይህ ኋላ ቀር እምነት መሆኑን ሊነግራት አፉን ከፈተ። ከዚያ ጣሪያውን አየና ተወው። ስንወጣ ትንሿ ልጇ ለበሬው ቅጠል ትሰጠው ነበር።

የመጨረሻው ስብሰባ የተጠራው በሰኔ ሚካኤል ቀን ነው። ክርስቲያኑ በዚያ ቀን ስለማያርስ ሰዉ ሁሉ ይገኛል ተብሎ ነው። ሐሙስ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ወደ ጥዱ መጣ፤ እስላሞቹ ቀድመው ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ሴትየዋ ከልጆቿ ጋር መጣች። ገበሬው በሌላው ጠርዝ ተቀመጠ። ከስቶ ነበር፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ።

ሊቀመንበሩ ረጅም ንግግር አደረገ። ከትምህርታችን ብዙ ቃላት ይዞ ነበር፤ አንዳንዶቹን ከእኛ የተሻለ ይጠራቸዋል። በእርሻ ወቅት በሬ አስሮ ማቆም ምርትን ማሰናከል ነው፤ ምርትን ማሰናከል አሻጥር ነው፤ ስለዚህ ማኅበሩ በሬውን ወስዶ የጋራ ያድርገው አለ። የጋራ በሬ ለሁሉም ያርሳል፤ ይህ ኮሚኒዝም ነው፤ ሴትየዋም ራሷ ኮሚኒዝም ይሻለኛል ብላ ነበር አለ። ይህን ሲል ፈገግ አለ። ጥቂት ሰዎችም ፈገግ አሉ።

ሴትየዋ አልተነሣችም። እጇን በትንሿ ልጇ ራስ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ያን ጊዜ ነው የፈራሁላት። መሬቱን ብታጣ በሬው ይቀርላታል፤ በሬው ከሄደ ግን ማንም ከእሷ ጋር የሚቀናጅበት ምክንያት አይኖርም።

የቅሬው ዳኛ ዘንጋቸውን አነሡ።

«ሊቀመንበር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ይጠይቁ፣ አባባ።»

«በሬውን ማን ይነዳዋል?»

«ማኅበሩ።»

«ማኅበሩ እጅ የለውም። ከእኛ አንዱ ነው የሚነዳው። የአባቴን በሬ የነዳው ጣሊያኑ አልነበረም። የጎረቤታችን ልጅ ነበር። ጣሊያኑማ ከኋላ በበቅሎ ሆኖ ይመጣ ነበር።»

«አባባ፣ ያ ፋሽዝም ነው፤ ይህ ሌላ ነው» አለ ሊቀመንበሩ።

«ሌላ ይሆናል። እኔ አልተማርኩም። ከበሬው ወገን ሆኜ ሳየው ነው የሚመሳሰልብኝ።»

ሊቀመንበሩ ወደ ቡድን መሪያችን አየ። የቡድን መሪያችን ሰሌዳውን ያይ ነበር። እኔም አየሁት። ሦስቱም ትርጉሞች በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተጽፈዋል፤ በሬ የሚል ቃል በአንዱም ውስጥ አልነበረም።

ነገሩን የለወጠው ግን የዳኛው ንግግር ነው ብዬ አላስብም። ከሽማግሌው ንግግር በኋላ ገበሬው ተነሣና ሊቀመንበሩን ጠየቀ።

«የእሷ በሬ የጋራ ከሆነ የእኔስ?»

«ያንተም እንዲሁ። ሁሉም በየተራው ይደርሳል።»

«ዛሬ?»

«ከእሷ ቀጥሎ።»

ገበሬው ተቀመጠ። ወዲያው ደግሞ ተነሣ። ጋቢውን አወለቀና መልሶ ለበሰው። ከዚያ ለሊቀመንበሩ ሳይሆን ለሴትየዋ ተናገረ።

«እትዬ፣ መሬቱ ያንቺ ነው። እኔ እጄን ነው የሰጠሁ። እንደ ድሮው እንሁን።»

 አንድ ሰው ከኋላ «ሶሻሊስቱ ወረደ» አለ፤ የሳቀለት ግን አልነበረም።

«መጀመሪያ የእኔ ይታረሳል» አለች ሴትየዋ። «ዋልካው ጊዜ የለውም።»

«ያንቺ ይቅደም።»

«መቼ?»

«ነገ።»

«ነገ ጁምዓ ነው። እስከ ሶላት ብቻ ነው የምታርስልኝ። ግማሽ ቀን አልፈልግም።»

«ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ የእኔ ሰንበት ነው።»

«እሑድም ያንቺ ነው። እንግዲህ ሰኞ።»

«ሰኞ ኪዳነ ምሕረት ናት።»

አሁን ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ገበሬውም ሳቀ። «ያ ረቢ፣ ይህች ሴት ዝናቡን በቀጠሮ ልታቆመው ነው» አለ።

«ማክሰኞ» አለች እሷ። አልሳቀችም፤ ድምፅዋ ግን ተለውጦ ነበር።

የቡድን መሪያችን ስለ በዓላት ብዛት ሌላ ጊዜ ትምህርት እንሰጣለን አለ። ሊቀመንበሩ ተቆጣ። ከዚያ ዋልካው በሴትየዋ ስም እንዲጻፍ አደረገ፤ ግን ከላይ ሆነው የሚጠይቁት ሰዎች ስላሉ ይህ የተወሰነው በየትኛው ሥርዓት መሠረት እንደሆነ ሊነገረው እንደሚገባ ተናገረ። የቡድን መሪያችን አሰበ። በመቀናጆ ብለህ ጻፍ አለው። ሊቀመንበሩ ይህ ከሦስቱ ውስጥ የለም አለ። የለም አለ የቡድን መሪያችንም፤ ቢሆንም ጻፈው።

ሰሌዳውን ለመጫን ስንዘጋጅ ጽሑፉን በእጄ ደመሰስኩት። የጠመኔው ብናኝ ሱሪዬ ላይ ቀረ። የቅሬው ዳኛ ከግንዱ ሥር ሆነው ያዩኝ ነበር።

«ልጄ፣ ብዙ ደከምሽበት» አሉኝ። «ያቺን የመጀመሪያዋን ግን ትተሻት ብትሄጂ ምን ነበረበት? እሷን እናውቃት ነበር።» እየቀለዱ ይሁን ከልባቸው አልገባኝም። ልጠይቃቸውም አልደፈርኩም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሦስቱ ቃላት ብዙ አንብቤአለሁ። ፋሽስት የሚለው ቃል ያን ጊዜ በዚያ ቀበሌ ለጣሊያን ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ ዛሬ ብዙ ሰው እርስ በርሱ ይጠራራበታል። የቡድን መሪያችን የት እንዳለ አላውቅም። በፈተና ወረቀት ላይ በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት የሀብት ባለቤትነትና የመንግሥት ሥልጣን ጉዳይ ነው ብዬ ጽፌአለሁ፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ልዩነቱን በቃል ቢጠይቀኝ በሬው የማን ነው፣ ማን ይነዳዋል፣ ባለቤቱ ተጠይቃለች ወይ ከሚለው የምጀምር ይመስለኛል።

ያ ማክሰኞ ሲደርስ ገና በማለዳ ከመካነ ሰላም ተነሥቼ ብቻዬን ሄድኩ። ሌሊቱን ዘንቦ አባርቶ ነበር። ስደርስ ሁለቱ በሬዎች ተጠምደው ዋልካውን ግማሽ አድርሰውታል። ቤት የበላው በሬ በቀኝ በኩል ነበር፤ ከሌላው ትንሽ ያጥራል። ገበሬው እርፍ ይዞ «ሃ፣ ና» እያለ ይሄዳል። ሴትየዋ ከኋላው ሆና ጓሉን በእጇ እየፈረፈረች ትከተለው ነበር። ከትልሙ ጫፍ ደርሰው ሲዞሩ አየችኝና እጇን አነሣች። እጇ ጭቃ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጥማዱ ታርሶ አለቀ፤ ሰኔ 17 ቀን 1967 ዓ.ም.።